ወረዳው ሲሰረዝ መሬቱ የት ይገባል? የኢቫንኪቭ ነገር

ዩክሬን ሲባል አብዛኞቻችን ፊት ድቅን የሚለው ጥቁር አፈር፣ ስንዴና የጥቁር ባሕር ወደብ ነው። ስህተት የለውም። በኦገስት 2022 «ብሬቭ ኮማንደር» የተባለችው መርከብ 23 ሺህ ቶን ስንዴ ጭና ወደ ጅቡቲ ስትነሳ፣ እህሉ ለኢትዮጵያ ተረጂዎች የተመደበ እንደነበር አንባቢ ያስታውሳል። እኔ ዛሬ ላነሳው የፈለግኩት ግን በስንዴ የማይታወቀውን፣ ስሙም በዜና እምብዛም የማይጠራውን የሰሜን ጥግ ነው። ኢቫንኪቭ ይባላል፤ የገጠር ራዮን ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ «ዓ.ም.» ካልተባለ በስተቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለምን ኢቫንኪቭን መረጥክ ለሚለኝ ሁለት ምክንያት አለኝ። አንደኛው የግል ነው። በ1978 ዓ.ም. ኪየቭ ተማሪ ነበርኩ። ያኔ በዚያች ከተማ የምንማር ኢትዮጵያውያን ጥቂት አልነበርንም። ኤፕሪል 26 ቀን 1986 ሌሊት የቼርኖቤል ኑክሌር ጣቢያ አራተኛው ሪአክተር ሲፈነዳ እኛ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀን ተኝተናል። የሆነውን የሰማነው ከቀናት በኋላ ነው፤ ያውም በወሬ። ሜይ 1 ቀን የሠራተኞች በዓል ሰልፍ በክሬሽቻቲክ ጎዳና እንደወትሮው ተካሄደ። ውኃ የጫኑ መኪኖች መንገዱን ማጠብ ሲያበዙ፣ ወተትና ቅጠላ ቅጠል ተጠንቀቁ ሲባል፣ ሕፃናት በባቡር ከከተማው ሲወጡ ነው ነገሩ የገባን።

ሁለተኛው ምክንያት ለኛ ለኢትዮጵያውያን ቅርብ ይመስለኛል። የወረዳና የዞን ወሰን ነገር ሲነሳ ጆሯችን ይቆማል። ብዙ ጊዜ የምንከራከረው ግን ሰው በሞላበት መሬት ላይ ነው። ሰው የሌለበት መሬት የማን ነው? ማን ያስተዳድረዋል? ማን ግብር ይሰበስብበታል? እሳት ቢነሳበት ማን ያጠፋዋል? ይህንን ጥያቄ ከኢቫንኪቭ የበለጠ የተጋፈጠ የአስተዳደር ክልል እኔ አላውቅም።

በቅድሚያ ስለ ስያሜዎቹ ጥቂት ልበል። ዩክሬን በ24 ኦብላስቶች፣ በክራይሚያ ራስ ገዝ ሪፐብሊክ እንዲሁም ልዩ አቋም ባላቸው በኪየቭና በሴቫስቶፖል ከተሞች የተከፈለች ናት (ክራይሚያንና ሴቫስቶፖልን ሩሲያ በ2014 ይዛቸዋለች)። ከኦብላስት በታች ራዮን አለ፤ በኛ አነጋገር ወረዳ ብንለው ብዙም አንርቅም። ከራዮን በታች ደግሞ ዛሬ ህሮማዳ የሚባል አለ፤ አንድ ትንሽ ከተማን ወይም ትልቅ መንደርን ከዙሪያው መንደሮች ጋር ያሰባሰበ፣ የራሱ ምክር ቤትና በጀት ያለው ማኅበረሰብ ማለት ነው። «ዞን» የሚለው ቃል ደግሞ ከኛ አገር ትርጉሙ ጋር እንዳይምታታ። ኪየቭ ውስጥ «ዞና» ብቻ ብትል ሰው የሚገባው አንድ ነገር ነው፤ በአጥርና በኬላ የተከለለው የቼርኖቤል አካባቢ።

ኢቫንኪቭ በኪየቭ ኦብላስት ሰሜን ምዕራብ፣ ቴቴሪቭ በተባለው ወንዝ ዳር የምትገኝ አነስተኛ ከተማ ናት። ነዋሪዋ 10 ሺህ ገደማ ነበር። ከኪየቭ ወደ ቼርኖቤል የሚወስደው አውራ መንገድ በዚህች ከተማ ያልፋል። አካባቢው ፖሊሲያ ከሚባለው፣ ከቤላሩስ ጋር ከሚዋሰነው የደንና የረግረግ ምድር ይመደባል። ዝነኛው ጥቁር አፈር እዚህ የለም። አፈሩ አሸዋማና ስስ ነው፤ ድንች፣ አጃና ተልባ ይወደዋል። ጥዱ ግን አይጣል ነው! መኪናው በዚያ ደን ውስጥ ለሰዓታት ሲሄድ መልክአ ምድሩ ስለማይለወጥ ቆመህ የቀረህ ይመስልሃል። ወንዞቹ ቀስ ብለው ይፈሳሉ፤ ቴቴሪቭ ወደ ዲኒፐር፣ ኡዥ ወደ ፕሪፒያት፣ ፕሪፒያት ደግሞ በተራው በ1960ዎቹ በቪሽሆሮድ ከተማ በተሠራው ግድብ ወደ ተጠራቀመው የኪየቭ ሰው ሠራሽ ሐይቅ። የገጠሩ ሰው ከእርሻው ጎን ለጎን ከደን በሚለቀመው እንጉዳይና የዱር ፍሬ፣ ከረግረግ ሜዳው በምትግጠው አንዲት ላም ይኖራል።

ይህንን ያነሳሁት ለመልክአ ምድር ገለጻ ብቻ አይደለም። ሲዚየም 137 የተባለው ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር ከሸክላማ አፈር ጋር ሲገናኝ ይጣበቅና ወደ ተክል በብዛት አያልፍም። በረግረግና በአሸዋማ አፈር ላይ ግን በቀላሉ ወደ ሣሩ፣ ከሣሩም ወደ ወተቱ ይሻገራል። እንጉዳይማ ዋነኛ ሰብሳቢው ነው። ስለዚህ ተመሳሳይ መጠን ያለው ብክለት ጥቁር አፈር ላይ ቢወድቅና ፖሊሲያ ላይ ቢወድቅ ውጤቱ እኩል አይሆንም። ድሀው አፈር ላይ የወደቀው ድሀውን ገበሬ የበለጠ ይጎዳዋል።

እስከ 1986 ድረስ በዚህ ምድር ላይ ጎን ለጎን የተቀመጡ ራዮኖች ነበሩ። ኢቫንኪቭ አንዱ፣ በሰሜኑ ያለው ቼርኖቤል ሌላው፣ በምዕራብ በኩል ፖሊስኬ ሦስተኛው። ቼርኖቤል ከተማ ስሟ በታሪክ መዝገብ የተጠቀሰው በ1193 ነው፤ የራዮን ማዕከል የሆነችው ሶቪየቶች የድሮውን የአስተዳደር አከፋፈል አፍርሰው በ1923 ራዮኖችን ሲያቋቁሙ ነበር። በ1970 የኑክሌር ጣቢያው ግንባታ ሲጀመር ከጣቢያው ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ፕሪፒያት የተባለች አዲስ ከተማ ተቆረቆረች። እዚህ ላይ ልብ ይሏል፤ ፕሪፒያት በቼርኖቤል ራዮን መካከል ብትቀመጥም ለራዮኑ ተጠሪ አልነበረችም። ቀጥታ ለበላይ አካል ነበር ተጠሪነቷ። የኑክሌር ጣቢያውም እንዲሁ የሞስኮ ሚኒስቴሮች ጉዳይ ነበር። የራዮኑ አስተዳደር ኃላፊነቱ የጋራ እርሻው፣ የገጠር ትምህርት ቤቱና የገጠር ክሊኒኩ ነበር። በግዛቱ ላይ የቆመው ትልቁ ነገር ግን ከሥልጣኑ ውጪ ነበር ማለት ነው።

ከፍንዳታው በኋላ የሆነው ይታወቃል። ኤፕሪል 27 ቀን 49 ሺህ ያህል የፕሪፒያት ነዋሪዎች በአንድ ከሰዓት በኋላ በአውቶቡስ ወጡ። በሜይ መጀመሪያ ደግሞ ከጣቢያው በ30 ኪሎ ሜትር ዙሪያ ያለው ሁሉ እንዲለቅ ተወሰነ። በዚያ ዓመት የተፈናቀለው ሕዝብ በጠቅላላው 116 ሺህ ገደማ ነው።

ይህ 30 ኪሎ ሜትር እንዴት ተወሰነ ቢባል፣ በኮምፓስ የተሠመረ ክብ ነው። ጊዜ አልነበረም፤ ውሳኔው የሚነቀፍ አይመስለኝም። ጨረሩ ግን ኮምፓስ አያውቅም። ነፋሱ ወደ ምዕራብና ወደ ሰሜን ወሰደው፤ ዝናብ የዘነበበት ቦታ ላይ ወረደ። ስለዚህ ከክቡ ውስጥ ሆነው ብዙም ያልተበከሉ ቦታዎች ነበሩ፤ ቼርኖቤል ከተማ ራሷ በአንጻራዊነት ከነዚህ ትመደባለች። ከክቡ ውጪ ሆነው ክፉኛ የተበከሉም ነበሩ። የፖሊስኬ ከተማ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናት፤ ወይም መጥፎ ምሳሌ። ከክቡ ውጪ ስለነበረች በ1986 ሰው አልለቀቀም፤ ሱቁም፣ ትምህርት ቤቱም ሥራውን ቀጠለ። የብክለቱ ልክ በይፋ ሲታመንበት ነዋሪው ከዓመታት በኋላ ቀስ በቀስ ተነሣ፤ የራዮኑም ማዕከል ክራስያቲቺ ወደምትባል መንደር ተዛወረ። በ1999 ፖሊስኬ ከሰፈሮች መዝገብ ተሰረዘች። ራዮኑ ግን የሞተችውን ከተማ ስም ይዞ ሌላ ሃያ ዓመት ኖረ።

የቼርኖቤል ራዮን ዕድሜ እንዲህ አልረዘመም። በ1988 ተሰረዘና መሬቱ ወደ ኢቫንኪቭ ራዮን ተጠቃለለ። ነዋሪ የሌለው ምክር ቤት፣ ተማሪ የሌለው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ይዞ መቀጠል ስለማይቻል ውሳኔው ቢሮክራሲያዊ ትርጉም አለው። የኢቫንኪቭ ራዮን በካርታ ላይ በአንድ ጊዜ ሰፋ፤ 3,600 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ሆነ። ከኪየቭ ኦብላስት ራዮኖች በስፋቱ የሚስተካከለው አልነበረም። የዚህ ስፋት ትልቁ ክፍል ግን የራዮኑ አስተዳዳሪ ራሱ ያለ ይለፍ ወረቀት የማይገባበት መሬት ነው። በወረቀት የተሾመበትን መሬት በኬላ በኩል እያየ የሚኖር አስተዳዳሪ!

መሬቱን በተግባር ያስተዳድር የነበረውና እስከ ዛሬም የሚያስተዳድረው ለማዕከላዊ መንግሥት ተጠሪ የሆነ፣ ለተከለለው ዞን ብቻ የተቋቋመ መሥሪያ ቤት ነው። የዞኑ ስፋት 2,600 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሠራተኞቹ በፈረቃ ገብተው ይሠሩና ይወጣሉ፤ ብዙዎቹ የሚያድሩት በቼርኖቤል ከተማ ውስጥ ስለሆነ ከተማዋ ባዶ ናት የሚባለው ትክክል አይደለም። ካፊቴሪያ አላት፣ ሱቅ አላት፣ የአውቶቡስ ማቆሚያ አላት። ቋሚ ነዋሪ የሚባል ግን በሕግ የለም። በሕግ የለም ማለቴ በምክንያት ነው፤ ከተፈናቀሉት ውስጥ ከአንድ ሺህ በላይ የሚሆኑ፣ አብዛኞቹ አረጋውያን፣ ወዲያውኑ በደን ውስጥ አድርገው ወደ ቤታቸው ተመልሰዋል። መንግሥት መጀመሪያ ሊያስወጣቸው ሞከረ፤ በኋላ አይቶ እንዳላየ አለፈ፤ ጡረታቸውንና ዳቦአቸውን እስከ መላክም ደረሰ። ዛሬ የቀሩት በጣም ጥቂት ናቸው። አንዳንዶቹ የሞቱት በጨረር ሳይሆን በዕድሜ ነው። በተቃራኒው ወደ ከተማ አፓርትመንት ከተወሰዱት እኩዮቻቸው ጋር ማን ተሻለ የሚለውን ክርክር እዚህ አልገባበትም።

ከአጥሩ ውጪ ላለው ገበሬ ግን ትልቁ ጉዳይ ሌላ ነው፤ በ1991 የወጣው ሕግ። ይህ ሕግ የተበከለውን መሬት በአራት ምድብ ከፈለ። የመጀመሪያው በ1986 ሰው የወጣበት የተከለለ ዞን ነው። ሁለተኛው የሲዚየም መጠኑ በስኩዌር ኪሎ ሜትር 15 ኪዩሪና ከዚያ በላይ ሆኖ ነዋሪው በግዴታ የሚነሣበት፤ ሦስተኛው ከ5 እስከ 15 ኪዩሪ ሆኖ ነዋሪው ከፈለገ በመንግሥት ወጪ የሚነሣበት፤ አራተኛው ከ1 እስከ 5 ኪዩሪ ሆኖ ክትትል የሚደረግበት። እያንዳንዱ ምድብ ከጥቅም ጋር ተያይዟል፦ ከጡረታ ዕድሜ ቅናሽ፣ ከደመወዝ ጭማሪ፣ ከዓመት ፈቃድ፣ ከሕክምናና ከምግብ ድጎማ። ስለዚህ በኢቫንኪቭና በፖሊስኬ ገጠር ሰው መንደሩን ሲነግርህ የምድብ ቁጥሩን ጨምሮ ይነግርህ ነበር። «እኛ ሦስተኛ ነን» ይልሃል፤ ቀበሌውን የሚነግርህ ይመስል።

ከዚህ በኋላ ያለውን ጉዳይ እኔ እንዲህ ነው የምረዳው። የሲዚየም 137 ግማሽ ዕድሜ 30 ዓመት ስለሆነ በ2016 ከወደቀው ግማሹ በራሱ ጠፍቷል። በሳይንሱ ከሄድን መስመሮቹ በየጊዜው መስተካከል ነበረባቸው፤ ከሦስተኛ ምድብ መውጣት ያለበት መንደር መውጣት፣ ሊታረስ የሚችል መሬት መታረስ ነበረበት። ነገር ግን ከምድብ መውጣት ማለት ከጥቅም መውጣት ነው። ሥራ በሌለበት ገጠር የምድቡ ድጎማ ጥቂት ብትሆንም የተረጋገጠች ገንዘብ ናት። በሌላ በኩል ምድቡ ውስጥ መቆየት ማለት ባለሀብት አይመጣም፣ መሬቱ ለግንባታ አይሰጥም፣ ወተትህን ገበያው በጥርጣሬ ያየዋል ማለት ነው። መንደሩ ካርታው ቢቀየርም ይጎዳል፤ ባይቀየርም ይጎዳል። መንግሥት ገንዘብ ሲያጥረው አራተኛውን ምድብ በ2014 መጨረሻ በወጣ ሕግ፣ ከ2015 ጀምሮ፣ ሙሉ በሙሉ ሰረዘው። የተሰረዘው ሕግ የወጣበት ጊዜ የበጀት ቀውስ የነበረበት መሆኑን ልብ ላለ ሰው፣ ውሳኔውን ያመጣው የጨረር መለኪያ ብቻ ነው ለማለት ይከብዳል።

ወደ ወሰኑ ነገር ልመለስ። ዩክሬን ከ2014 በኋላ ሥልጣንና ገንዘብ ወደ ታች የማውረድ ሰፊ ለውጥ ጀመረች። መንደሮች ተዋህደው ህሮማዳ እንዲሆኑ የሚፈቅደው ሕግ በፌብሩዋሪ 2015 ወጣ። ህሮማዳዎቹ በአካባቢያቸው ከሚሰበሰበው የግል ገቢ ግብር 60 በመቶውን እንዲይዙ ተደረገ፤ ትምህርት ቤቱም፣ የመጀመሪያ ደረጃ ጤና ጣቢያውም፣ የውስጥ መንገዱም ወደ እነሱ ዞረ። ራዮኖቹ ሥራቸውና ገንዘባቸው እየሳሳ ሄደ። በጁላይ 2020 ፓርላማው የመጨረሻውን እርምጃ ወሰደና 490 የነበሩትን ራዮኖች ወደ 136 አወረዳቸው። በኪየቭ ኦብላስት 25 የነበሩት ሰባት ሆኑ። የኢቫንኪቭ ራዮን ተሰረዘ፤ የፖሊስኬም። ሁለቱም ማዕከሉ ቪሽሆሮድ በሆነው ሰፊ ራዮን ውስጥ ገቡ። ቪሽሆሮድ ከኪየቭ ጋር ተያይዛ ልትቆጠር የምትችል ከተማ ናት፤ ከሰሜኑ ደን ያለው ገበሬ ጉዳይ ቢኖረው ድሮ ኢቫንኪቭ ይጨርስ የነበረውን አሁን ዋና ከተማው ጫፍ ድረስ ይሄዳል ማለት ነው። ለውጡን የሚደግፉ ወገኖች ግን አብዛኛው ጉዳይ በህሮማዳው ስለሚያልቅ መሄድ አያስፈልገውም ይላሉ። ለኢቫንኪቭ ይህ እውነት ነው፤ ኢቫንኪቭ የራሷ ህሮማዳ ሆናለች፤ የፖሊስኬ ህሮማዳም አለ፤ መቀመጫው ክራስያቲቺ ነው።

የተከለለው ዞንስ? እዚህ ላይ የሕግ አውጪዎቹን አንድ ነገር አደንቃለሁ፤ አላስመሰሉም። ዞኑ በቪሽሆሮድ ራዮን ወሰን ውስጥ ይቆጠራል፤ ከህሮማዳዎቹ ግን አንዱም አልተሰጠውም። በመላ አገሪቱ መሬቱ ሁሉ ለአንድ ማኅበረሰብ ሲደለደል ይህ ቁራጭ ማኅበረሰብ የሌለው ሆኖ ቀረ። ከ2016 ጀምሮ የዞኑ ትልቁ ክፍል የጨረርና የሥነ ምህዳር ጥብቅ ቀጣና ተብሎም ታውጇል፤ 227 ሺህ ሄክታር ገደማ ይሸፍናል። በ1998 የተለቀቁት የፕርዤቫልስኪ የዱር ፈረሶች ዛሬ ተራብተው በቡድን ይሄዳሉ፤ ተኩላውም፣ ድቡም አለ። በ2019 ደግሞ ከ100 ሺህ የሚበልጡ ጎብኚዎች ገብተው ነበር። ያ ሁሉ ሕዝብ በኢቫንኪቭ ዋና ጎዳና ላይ አልፎ ሄዷል፤ ቡና ጠጥቶ የወረደው ግን ጥቂቱ ነው ይባላል።

አዲሱ ራዮን ሌላም ጉድ አለው። ከአደጋው በኋላ የጣቢያው ሠራተኞች እንዲኖሩባት ስላቩቲች የምትባል ከተማ ተሠርታለች። ከስምንት የሶቪየት ሪፐብሊኮች የመጡ ግንበኞች ስለሠሯት ሰፈሮቿ የሬቫን፣ ባኩ፣ ትብሊሲ፣ ታሊን፣ ሪጋ፣ ቪልኒየስ እየተባሉ ይጠራሉ። ነዋሪዋ 25 ሺህ ገደማ ነበር። ከተማዋ ያለችው ከዲኒፐር ማዶ፣ ዙሪያዋን በቼርኒሂቭ ኦብላስት ተከብባ ነው፤ በአስተዳደር ግን የኪየቭ ኦብላስት ናት። በ2020 ለቪሽሆሮድ ራዮን ተሰጠች። የራዮኗ አካል ብትሆንም ከራዮኑ ጋር የሚያገናኛት መሬት የለም፤ ከማዕከሉ በመኪና 200 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ጣቢያው የመጨረሻ ሪአክተሩን በዲሴምበር 2000 ቢዘጋም የማፍረስና የመጠበቅ ሥራው ገና ብዙ ዓመታት ስለሚፈጅ ከተማዋ የምትኖረው በዚያው ሥራ ነው። ሠራተኛው 50 ኪሎ ሜትር ገደማ በምትሆን የባቡር መስመር ይመላለስ ነበር፤ መስመሩ ግን በመካከል የቤላሩስን መሬት ቆርጦ ያልፋል። በሶቪየት ዘመን ማንም ልብ ያላለው ነገር ነው።

ፌብሩዋሪ 24 ቀን 2022 የሩሲያ ጦር በዚያው በቤላሩስ በኩል ገባ። ወደ ኪየቭ የሚወስደው አጭሩ መንገድ በዞኑ አቋርጦ በኢቫንኪቭ ያልፋል፤ ባዶ መሬት ለሠራዊት ምቹ ነው። በዚያው ዕለት ጣቢያው ተያዘ። የሌሊት ፈረቃ ላይ የነበሩት ሠራተኞች ተቀያሪ ሳያገኙ ከሦስት ሳምንት በላይ በሥራ ላይ ቆዩ። ኢቫንኪቭም ተያዘች፤ በቴቴሪቭ ላይ ያለው ድልድይ ግስጋሴውን ለማዘግየት በዩክሬናውያኑ ፈረሰ። የከተማዋ የታሪክ ሙዚየም በመጀመሪያዎቹ ቀናት ተቃጠለ። በዚያ ሙዚየም ውስጥ በ1997 ያረፈችው፣ በአቅራቢያዋ ቦሎትኒያ መንደር የኖረችው የሠዓሊዋ የማሪያ ፕሪማቼንኮ ሥራዎች ነበሩ፤ የአካባቢው ሰዎች እሳት ውስጥ ገብተው የተወሰኑትን አትርፈዋል። ከቪሽሆሮድ በላይ ደግሞ ኢርፒን የተባለው ወንዝ ወደ ሐይቁ የሚገባበት ግድብ ተከፍቶ የዴሚዲቭ መንደርና ሸለቆው በውኃ ተጥለቀለቀ፤ የኪየቭ መዳኛ አንዱ ይህ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው።

ሌላው የሚያሳዝነው፣ በ1986 ለተፈናቀሉት መንደሮች ከተሠሩባቸው አካባቢዎች ማካሪቭና ቦሮዲያንካ ይገኙበታል። ጦርነቱ በ2022 በነዚሁ ቦታዎች አለፈ። በ36 ዓመት ውስጥ ሁለተኛ ጊዜ ሻንጣ የያዙ ቤተሰቦች አሉ።

የሩሲያ ጦር በማርች መጨረሻ ለቆ ወጣ። ከዚያ ወዲህ የራዮን አስተዳደሮች ወታደራዊ አስተዳደር ተብለው ይሠራሉ፤ በ2020 ሥራ አጣ የተባለው ራዮን በጦርነት ጊዜ እንደገና ሥራ አግኝቷል። ዞኑ ለጎብኚ ተዘግቷል፤ የድንበሩ ደን ተቀብሯል፣ ፈንጂ ተጠምዶበታል። ፌብሩዋሪ 14 ቀን 2025 ሰው አልባ አውሮፕላን አራተኛውን ሪአክተር የሸፈነውን ግዙፍ የብረት ቆብ በስቶት በውስጥ ሽፋኑ ላይ የተነሣው እሳት ለሳምንታት ሲጨስ ቆይቷል። የስላቩቲች ሠራተኞችም በቤላሩስ በኩል ያለው መስመር ስለተዘጋባቸው፣ ድሮ ከአንድ ሰዓት በታች ይደርሱበት ወደነበረው ሥራቸው በኪየቭ ዞረው፣ በኢቫንኪቭ አልፈው ይሄዳሉ።